ከክታብ እስከ ብር ክር፦ በሰውነት ላይ የሚለበሱ የጤና መሣሪያዎች ታሪክ ከጨፋ ሮቢት ሲታይ

በ2008 ዓ.ም. በጨፋ ሮቢትና በአካባቢው በሥራ ላይ በነበርሁበት ወቅት በአንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ተማሪ ካርድ ላይ አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ጽፌ ነበር፦ «ታካሚዋ የመስሚያ መሣሪያውን ለመጠቀም ፈቃደኛ አይደለችም።» ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እየተመላለሰ ያሠቃያት የመሃከለኛ ጆሮ ኢንፌክሽን የሁለቱንም ጆሮዎቿን የመስማት ኃይል ክፉኛ ቀንሶታል። መግሉ በሕክምና ከደረቀ በኋላ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ተልካ፣ በእርዳታ የመጣ ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠል የመስሚያ መሣሪያ ተሰጥቷት ነበር። ከወራት በኋላ ለክትትል ስትመጣ መሣሪያው ከነካርቶኑ በእናቷ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። የጻፍሁት ዐረፍተ ነገር በየዕለቱ በመዝገቦቻችን ላይ ከሚሰፍረው የተለየ ባለመሆኑ በጊዜው ምንም አልመሰለኝም። ስሕተት መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ለመረዳትም ከጆሮ ሕክምና መጻሕፍት ይልቅ የረዳኝ ሰዎች በሰውነታቸው ላይ ምን ሲያጠልቁና ሲያስሩ እንደኖሩ የሚናገረው ታሪክ ነው።

በቅርብ ዓመታት በልብስና በጌጥ መልክ የሚሠሩ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች በሕክምናው ዓለም በሰፊው መነጋገሪያ ሆነዋል። የልብን ምት የሚቆጥር የእጅ ሰዓት፣ የደም ስኳርን የሚለካ በክንድ ላይ የሚለጠፍ ቁራጭ፣ ትንፋሽን የሚከታተል ቀበቶና ካናቴራ ተጠቃሾች ናቸው። ስለነዚህ ሲነገር ነገሩ ትናንት የተጀመረ ይመስላል። ሆኖም ለጤና ሲባል አንድን ነገር በሰውነት ላይ መልበስ በእኛ አገር እጅግ የቆየ ልማድ ነው። ይህንንም ለማየት ከአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የተሻለ ሥፍራ ማግኘት ያስቸግራል።

ጨፋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ሰፊው የጨፋ ሜዳ ከቦርከና ወንዝ ውኃ የሚያገኝ ረግረግና የግጦሽ መሬት ሲሆን፣ በበጋ ወራት የኦሮሞና የአፋር አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው ይሰባሰቡበታል። በዞኑ ውስጥ የሚገኙት የባቲ የሰኞ ገበያና የሰንበቴ የእሑድ ገበያ የደጋውንና የቆላውን ሰው ለብዙ ዘመናት ሲያገናኙ ኖረዋል። በእነዚህ ገበያዎች የሚሸጠው የብር ጌጥ፣ ዶቃና ጨሌ በዓይን ሲታይ ውበት ብቻ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ለሚያየው ግን ከጌጡ መካከል ሥራ ያለበት አለ። በአንገት ማሠሪያ ላይ የሚንጠለጠለው ትንሽ የብር ኩክ ማውጫ አንዱ ነው (እንደ ሐኪም ወደ ጆሮ እንዲገባ ባልመክርም፣ መሣሪያን ጌጥ አድርጎ መያዝን በሚገባ ያሳያል)። እሾህ ማውጫው ወረንጦም እንዲሁ ነው። በእሾሃማ ምድር በባዶ እግሩ ወይም በጫማ ጎማ የሚሄድ እረኛ ወረንጦውን የትም አይጥለውም፤ ከአንገቱ ወይም ከወገቡ አይለይምና።

ከሁሉም በላይ የሚጠቀሰው ክታብ ነው። በክርስቲያኑ ዘንድ የቆየው ክታብ በብራና ላይ የሚጻፍ ጥቅል ሲሆን፣ ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ልክ እንዲሆን የሚደረግበት ጊዜ ነበር። ተጠቅልሎ በቆዳ ይሰፋና በአንገት ይታሠራል። በሙስሊሙም ዘንድ የቁርአን አንቀጽ የተጻፈበት ወረቀት በቆዳ ወይም በብር ማኅደር ውስጥ ሆኖ ይታሠራል፤ ጠልሰም የሚባሉት የብር ጌጦችም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ታሪክ አላቸው። ብሩ የሚገኘው በአመዛኙ ከማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ነበር። ይህ ጠገራ ከንግሥቲቱ ሞት በኋላ የተመታው ሁሉ እ.ኤ.አ. 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት፣ ከ23 ግራም በላይ ንጹሕ ብር የያዘ ገንዘብ ነው። አንጥረኞች እያቀለጡ አምባርም፣ የጆሮ ጌጥም፣ የክታብ ማኅደርም ሠርተውበታል። ይህን ብር አንባብያን እንዲያስታውሱልኝ እፈልጋለሁ፤ ከታች እንመለስበታለን።

የክታብን ፈዋሽነት ለመከራከር አልተነሣሁም። ይሁን እንጂ ለአንድ የሕክምና ባለሙያ አስገራሚ መሆን ያለበት ጉዳይ አለ። ክታቡን ማሠር የረሳ ሰው አላጋጠመኝም። የደም ግፊት ክኒኑን ሦስት ቀን የዘለለ ሽማግሌ ክታቡ ግን ከክንዱ አልወለቀም። ክታቡ በራሱ ልክ ተሠርቶ፣ በሚያውቀው ቆዳና ክር ተሰፍቶ፣ ለብሶት ሲወጣ በሰው ፊት የማያሳፍረው ሆኖ ነው የተሰጠው። እኛ የምንሰጠው ነገር ከእነዚህ ውስጥ ስንቱን ያሟላል?

በአውሮፓ የሕክምና ታሪክ ለሰውነት የቀረበ የመለኪያ መሣሪያ ሲፈለግ ቀድሞ የሚገኘው የኪስ ሰዓት ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሰር ጆን ፍሎየር እ.ኤ.አ. በ1707 የልብን ምት ለመቁጠር አንድ ደቂቃ የሚሮጥ ሰዓት ማሠራቱን በመጽሐፉ ገለጸ። የእጅ ሰዓት ደግሞ ለረዥም ጊዜ የሴቶች ጌጥ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ወንዶች በእጃቸው ማሠር የለመዱት በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በምሽግ ውስጥ ከኪስ ሰዓት ማውጣት ባላመቸበት ጊዜ ነው። ነርሶች ደረታቸው ላይ ገልብጠው የሚያንጠለጥሉት ሰዓት የመጣውም ከሥራ ጠባይ ነው፤ እጅ መታጠብ ስላለበት ሰዓቱ ከእጅ ወደ ደረት ወጣ፤ ለባለቤቱ እንዲነበብም ተገለበጠ።

ኤሌክትሪክ የገባበት የመጀመሪያው ተለባሽ የሕክምና መሣሪያ የመስሚያ መሣሪያ ነው ማለት ይቻላል። በነሐሴ ወር 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) ራስ መኮንን አፄ ምኒልክን ወክለው በለንደን በተገኙበት የንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ የዘውድ በዓል፣ የመስማት ችግር የነበረባቸው ንግሥት አሌክሳንድራ አሜሪካዊው ሚለር ሪስ ሃቺሰን የሠራውን በባትሪ የሚሠራ መስሚያ መጠቀማቸው ተዘግቧል። (በዓሉ ለሰኔ ታስቦ የነበረ ሲሆን ወደ ነሐሴ የተሻገረው ንጉሡ በትርፍ አንጀት መግል ምክንያት ሁለት ቀን ሲቀረው በሰር ፍሬድሪክ ትሪቭስ ቀዶ ሕክምና ስለተደረገላቸው ነው።) ከዚያ በኋላ የመጡት በቫኪዩም ቱቦ የሚሠሩ መሣሪያዎች ድምፅ በማጉላት የተሻሉ ቢሆኑም ከባድ ነበሩ። ማጉያው በደረት፣ ባትሪዎቹ በወገብ ወይም በጭን ላይ ይታሠሩ ስለነበር ተጠቃሚዎች ሽቦውን የሚሸሽጉበት ልብስ ማሰፋት ግድ ሆነባቸው።

ትራንዚስተር እ.ኤ.አ. በ1947 በቤል ላቦራቶሪ ከተፈለሰፈ በኋላ ለገበያ ከቀረቡት የመጀመሪያ ዕቃዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1952 መጨረሻ የወጣው ሶኖቶን የተባለው መስሚያ ነበር። ኩባንያው የአሌክሳንደር ግራሃም ቤልን መታሰቢያ በማክበር ከመስሚያ መሣሪያ ሠሪዎች የፈጠራ መብት ክፍያ አላስከፈለም። በ1950ዎቹ አጋማሽ ላይ መሣሪያው በመነጽር እጀታ ውስጥ ገባ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። መነጽር ራሱ የአካል ጉድለት ማሟያ ነው፤ ነገር ግን ሰው መርጦ፣ ፊቱን አይቶ፣ ደስ ያለውን ፍሬም ገዝቶ የሚያደርገው ሆኗል። መስሚያው ግን በመነጽሩ ሥር ተሸሸገ። ከዚያ ወዲህ የመስሚያ ኢንዱስትሪ አብዛኛውን ጊዜውን ያሳለፈው መሣሪያውን በማሳነስና በመደበቅ ላይ ነው። ለመደበቅ የተመረጠው ቀለምም «የሥጋ ቀለም» ይባል የነበረው ፈዛዛ ሮዝ ነበር። የማን ሥጋ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። በጨፋ ሮቢቷ ልጅ ጆሮ ላይ ይህ ቀለም ከሩቅ እንደ ፋሻ ይታይ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ 430 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ለመስማት ችግራቸው ተሐድሶ እንደሚያስፈልጋቸው፣ መስሚያ ሊጠቅማቸው ከሚችለው ሰዎች ውስጥ በእርግጥ የሚጠቀሙት 17 በመቶው ብቻ እንደሆኑ ገልጿል። ዋጋና የባለሙያ እጥረት ዋነኛ ምክንያቶች መሆናቸው አያጠራጥርም። የቀረውን ግን መሣሪያው በእጃቸው እያለ በሣጥን የቆለፉበት ሰዎች ያውቁታል።

የልብ ሕክምናው ታሪክ ከዚህ በእጅጉ ያጠረ ነው። አሜሪካዊው ኖርማን ሆልተር በ1940ዎቹ መጨረሻ የሠራው የመጀመሪያው ተንቀሳቃሽ የልብ መመዝገቢያ በጀርባ የሚታዘል 38 ኪሎ ግራም ሸክም ነበር፤ ዛሬ በስሙ የምንጠራው መሣሪያ በኪስ ይያዛል። እ.ኤ.አ. በ1957 በሚኒያፖሊስ ከተማ መብራት በጠፋ ጊዜ ከግድግዳ ሶኬት የሚሠሩ የልብ ምት ማስኬጃዎች ያስከተሉት አደጋ ዶክተር ዋልተን ሊለሃይን አሳሰበው። ኢንጂነር ኧርል ባከን በአንድ የኤሌክትሮኒክስ መጽሔት ከታተመ የሙዚቃ ምት መጠበቂያ ንድፍ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ በባትሪ የሚሠራ፣ በደረት የሚንጠለጠል ትንሽ ሣጥን ሠራ። በአልጋቸው አጠገብ ከግድግዳ ጋር ታሥረው የነበሩ ሕፃናት ከዚያ በኋላ በዋርዱ መተላለፊያ መመላለስ ቻሉ። እ.ኤ.አ. በ1958 በስዊድን ከቆዳ ሥር ሲቀበር ደግሞ ከልብስነት ወጣ።

ጨርቁ ራሱ መሣሪያ እንዲሆን የተደረገው ሙከራ የኋላ ነው። በጆርጂያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ድጋፍ የተሠራው ካናቴራ የብርሃን ቃጫና ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ክር አብሮ የተሸመነበት ሲሆን፣ ዓላማው የቆሰለ ወታደር ጥይት የት እንደመታው ከሩቅ ለማወቅ ነበር። ለእኛ ይበልጥ ቅርብ የሆነው ግን በኢትዮጵያውያን እጅ የተሠራው ነው። አብርሃ ባይራው ንጉሤ፣ ደሳለኝ ዓለሙ መንግስቴ፣ ግራንች በርሄ ፀጋይና የቤልጂየም ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት ብር ያለበትን ቀለም በጥጥና በፖሊስተር ሹራብ ጨርቅ ላይ በማተም፣ ታጥቦም የልብን ኤሌክትሪክ ምልክት መቀበል የሚችል ኤሌክትሮድ ሠርተዋል። ሥራው ከጌንት ዩኒቨርሲቲና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ከሚገኘው የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ጋር የተያያዘ ነው። የባቲ አንጥረኛ ከጠገራ ያቀለጠው ብር በደረት ላይ ክታብ ሲያቅፍ ኖሯል፤ ይኸው ማዕድን አሁን በጨርቅ ላይ ታትሞ ከዚያው ደረት የልብን ምት ይቀበላል።

የዚህን ጥቅም በዋርድ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። የተለመደው ተለጣፊ ኤሌክትሮድ ጄሉ ይደርቃል፣ ቆዳ ያሳክካል፣ አንድ ጊዜ ተሠርቶበት ይጣላል፤ በብዙ ተቋሞቻችንም ሳይጣል በፕላስተር እየተደገፈ ደግሞ ይለጠፋል። የሚታጠብ ጨርቅ ይህን ያቃልላል። ነገር ግን የጨርቅ ኤሌክትሮድ ከቆዳ ጋር ጠብቆ መገናኘት አለበት፤ ሲላላ የሚሰጠው ምስል በእንቅስቃሴ ይበላሻል። በጨፋ ሜዳ ሙቀት ሰው የሚለብሰው ሰፊና ነፋስ የሚያስገባ ልብስ ነው። ከአውሮፓ የስፖርት ልብስ የተቀዳ ጠባብ ካናቴራ እዚያ ለብሶ የሚውል አይኖርም። ጠብቆ የሚታሠር ነገር ከተፈለገ መቀነት አለ። ለሆድና ለወገብ የሚጠብቅ፣ በየቀኑ የሚፈታና የሚታሠር፣ ማንም የማይታዘበው ጨርቅ ነው። ከልብ ይልቅ ለትንፋሽ ክትትል የሚያመች ቢሆንም የምሕንድስና ባልደረቦቻችን ቢያስቡበት አይከፋም። ከጨፋ ሮቢት ብዙም ሳይርቅ የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በመኖሩ ሐሳቡን የሚሞክርበት ሥፍራ ለሚፈልግ ሰው መንገዱ ሩቅ አይደለም።

በእጃችን ስላለውና ዛሬውኑ ስለምንጠቀምበት መሣሪያ ደግሞ ልናገር። ጃፓናዊው ታኩዎ አዮያጊ እ.ኤ.አ. በ1974 መርሑን ያገኘለት ፐልስ ኦክሲሜትር በጣት የሚጠለቅ በመሆኑ ከቀለበት የሚለየው ጥቂት ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2020 ባካሄደችው የሕክምና ኦክስጅንና የፐልስ ኦክሲሜትሪ ማስፋፊያ ዕቅድ፣ ቀጥሎም በኮቪድ ዘመን፣ መሣሪያው ወደ ብዙ ተቋማት ደርሷል። ሆኖም ብርሃንን በቆዳ አሳልፎ የሚያነብ መሣሪያ የሚያልፍበት ቆዳ ምን እንደሚመስል ግድ ይለዋል። በአሜሪካ ሚሺጋን ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ጥናት እንዳሳየው መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ባነበበላቸው ጊዜያት፣ የደም ቧንቧ ምርመራው ከ88 በመቶ በታች ሆኖ የተገኘው በጥቁር ሕመምተኞች 11.7 በመቶ፣ በነጮች 3.6 በመቶ ነበር። እዚህ ላይ የወሎ ሴቶችን ሂና እንጨምር። ቀዩ ሂና ንባቡን እምብዛም እንደማያውክ፣ ጥቁሩ ግን ምልክቱን እስከማጥፋት ሊደርስ እንደሚችል ተዘግቧል። ሙሽራ ወይም ወላድ ጣቷ በጥቁር ሂና ተውቦ ስትመጣ ጣቷን በአልኮል መፈተግ አያወጣውም፤ ያልተቀባ ጣት ወይም የጆሮ ጫፍ መፈለግ ይሻላል። ቁጥሩ 93 ሲሆንና ሕመምተኛዋ ስታቃስት ደግሞ የትንፋሽ ብዛቷን እንቁጠር፤ ዓይናችንን ከቁጥሩ ይልቅ እንመን።

በነገራችን ላይ በከሚሴ ሱቆች በጣት የሚጠለቅ፣ ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ ኤሌክትሮኒክ የዚክር መቁጠሪያ ሲሸጥ አይቻለሁ። ማንም ሥልጠና አልሰጠበትም፣ ፖስተርም አልተለጠፈለትም። ሙስባሃ የለመደ ጣት ሲያገኘው ወዲያው አወቀው።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። በሚቀጥለው ቀጠሮ አፋን ኦሮሞ የሚናገር ባልደረባዬ አብሮኝ ተቀምጦ ነበር። ስለ ፈቃደኝነት መጠየቁን ትተን መሣሪያውን አድርጋ እንድታሳየን ለመንናት። አደረገችው፤ ሻሿንም መልሳ ጠበቅ አድርጋ ጠመጠመች። ወዲያው ፊጨት የሚመስል ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ነገሩ ቀላል ፊዚክስ ነበር። ጨርቁ ሲጫነው ከጆሮዋ ያፈተለከው ድምፅ ተመልሶ ወደ ማይክሮፎኑ ይገባል፤ መሣሪያውም ያንኑ መልሶ ያጎላል። በጆሮዋ ልክ የተሠራው ማስገቢያም ሕፃኗ ስላደገች ላልቷል። እርሷ ፊጨቱን በደንብ አትሰማውም ነበር፤ የክፍል ጓደኞቿ ግን ይሰሙት ነበር። በየጊዜው ሲስቁ ምክንያቱን ያወቀችው ከታናሽ ወንድሟ ነው። በዚያ ላይ ሻሹን አላልቶ መሄድ ለእርሷም ለቤተሰቧም የሚታሰብ አልነበረም። መሣሪያውን የሠራው ሰው ጆሮ በጨርቅ ሊሸፈን እንደሚችል አላሰበም፤ የሰጣት ባለሙያ ስታደርገው ያየው ሻሿን አውልቃ ነው፤ እኔም ሳልጠይቅ ፈረድሁባት።

ማስገቢያው እንደገና እንዲሠራላት ሪፈር ተጻፈላት። የሻሹን ነገር የፈታችው እናትየዋ ናት። ከጆሮ በላይ የሚያርፈውን ክፍል ቀድዳ በዚያው ቀለም ወንፊት በሚመስል ስስ ጨርቅ ተካችውና ዙሪያውን በጥልፍ ዘጋችው። ከፊት ለፊት ለሚያየው ጥልፍ ብቻ ነው። ፊጨቱ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም በጣም ቀነሰ። መሣሪያው የሚሠራበት የዚንክ ባትሪ አየር ካላገኘ የማይሠራ በመሆኑ ወንፊቱ ለእርሱም ጠቅሞታል። ባትሪው ራሱ ግን በአካባቢው አይገኝም ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ሲገኝ ይላካል፤ ሳይገኝ ሲቀር ለሁለትና ለሦስት ሳምንት መሣሪያው ዝም ይላል። በትምህርት ቤት ታደርገዋለች፣ ገበያ ስትወጣ ታወልቀዋለች።

ካርዷ ላይ የጻፍሁትን በአንድ መሥመር ሠርዤ ከጎኑ «መሣሪያው ከሻሽ ጋር አይስማማም፤ ማስተካከያ ተደርጓል» ብዬ ፈረምሁበት። ለመጨረሻ ጊዜ ባየኋት ቀን እናቷ የፀሐይ ግርዶሽ እስኪመስል ድረስ የሻሹን ጥልፍ በጥቁርና በቢጫ ክር አስፍታው ነበር። ልጅቷ መሣሪያውን አውጥታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችውና በባልደረባዬ በኩል አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ «ጥቁሩ የለም ወይ?» ከእርዳታ በመጣው ካርቶን ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሮዝ ነበሩ። በሚቀጥለው የመጠየቂያ ቅጽ ላይ፣ ስለ ቀለም የሚጠይቅ ሣጥን ስላልነበረው፣ በኅዳጉ ላይ በእጄ ጻፍሁት።